«ሰደፉ አብጧል፣ ቫርኒሽ ልቀባው?» ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። የአባትህ ጠመንጃ ዝናብ መታው፣ የሰደፉ እንጨት አበጠ፣ እዚህም እዚያም ነጣ ነጣ አለ። አንተ ደግሞ ለቅዳሜ ቫርኒሽ ልትቀባው ተዘጋጅተሃል። ተው ወንድሜ። የቫርኒሹን ቆርቆሮ አትክፈተው። እኔ ከፍቼው ያገኘሁትን ላጫውትህ፣ ከዚያ የፈለግከውን አድርግ።

ጥይት እንደሌለበት በዓይንህም በጣትህም አረጋግጠህ እንደምትጀምር አውቃለሁ፣ እሱን ልለፈው።

የእኔም የአባቴ ነው። ሰደፉ ዋልነት ከሚባል እንጨት የተሠራ ነው፣ ያረጀ፣ ዕድሜ ልኩን ዘይት ብቻ የጠጣ። ፎቶህ ላይ ያለው ቀለም ቁርጥ የእኔን ስለሆነ ያንተም ዋልነት ነው ብዬ ልነሳ።

1. እርጥብ እንጨት ላይ ምንም እንዳትቀባ።

እኔ የቀባሁት ዝናብ በመታው በአራተኛው ቀን ነው። በእጄ ዳሰስኩት፣ ደርቋል። ለካ የደረቀው ላዩ ብቻ ነበር። ሦስት ጊዜ ደራረብኩበት፣ መስታወት መሰለ። ያየው ሁሉ «አዲስ ገዛህ እንዴ?» ሲለኝ ደረቴን ነፋሁ። ወር ሳይሞላው ከቫርኒሹ ሥር ጉም የመሰለ ነገር ተነሳ። ከዚያ እንደ እባብ ቆዳ ይገፈፍ ጀመር። ውስጥ የቀረው ውሃ መውጫ ሲያጣ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ያንን ሁሉ ቫርኒሽ ፍቄ ለማውረድ የፈጀሁትን ጊዜ ባልነግርህ ይሻላል።

መድረቁን በጣትህ አታውቀውም። በሚዛን ነው የሚታወቀው። እንጨቱን ከብረቱ ሙሉ በሙሉ ለይተህ ግራም የሚያሳይ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጠው። ቁጥሩን ጻፍ። በሳምንቱ ደግመህ መዝን። የእኔ መጀመሪያ 1120 ግራም ነበር። መቀነሱን ያቆመው 1040 ላይ ነው፣ እሱም በስድስተኛው ሳምንት። 80 ግራም ውሃ ይዞ ነው እንግዲህ «ደርቋል» ያልኩት! ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ያኔ ስለ ቀለም አስብ።

ለማፋጠን ብለህ እሳት ዳር እንዳታስጠጋው፣ ፀሐይ ላይም እንዳታሰጣው። ላዩ ቶሎ ደርቆ ሲኮማተር ውስጡ ገና እንዳበጠ ነው። ያኔ ይሰነጠቃል። የእኔ ሰደፍ አንገት ላይ ያለችው ስንጥቅ የአንድ ምሽት ትዕግሥት ማጣት ናት፣ ዛሬም አውራ ጣቴ እሷ ላይ ያርፋል። ጥላ ውስጥ፣ አየር የሚያገኘው ቦታ አንጠልጥለው፣ በቃ።

2. ውሃው የገባው አንተ ከምታየው በኩል አይደለም።

ሁሉም ሰው የሚስተው ይህንን ነው፣ እኔም ስቼዋለሁ። እንጨትን የገለባ ነዶ በለው፤ ጎን ለጎን የታሰሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው። ጎኑን ብታርሰው ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው። የተቆረጠበትን ጫፍ ብታርሰው ግን የቱቦዎቹ አፍ ሁሉ ክፍት ነው፣ ይመጠዋል። ሰደፍ ላይ ይህ ጫፍ ያለው ትከሻህ ላይ ከሚያርፈው ብረት ሥር ነው። ማንም አያየውም፣ ስለዚህ ማንም አይቀባውም። ጠመንጃህን እርጥብ መሬት ላይ በሰደፉ ባቆምከው ቁጥር ከዚያ በኩል ይጠጣል።

እኔ ያንን ሁሉ ቫርኒሽ ፊቱ ላይ ሳፈስ ብረቱን አልፈታሁትም። ሁለት ቪቴ ነው የያዘው። ለሁለት ቪቴ ሰንፌ! ኋላ ስፈታው አንደኛው እሺ አለ፣ ሁለተኛው ዝጎ ካቻቪቴው እስኪንሸራተት ታገለኝ። ብረቱ ሲነሳ ቀይ የዝገት ዱቄት ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ከሥሩ ያለው እንጨት ቀለም እንደተደፋበት ጠቁሯል። ዋልነት ውስጥ ታኒን የሚባል ነገር አለ፤ እርጥበት ባለበት ከብረት ጋር ሲገናኝ እንዲህ ያጠቁራል። ጥፍሬን ጫን ሳደርገው ገባ። በስብሷል።

ደንግጬ ጠመንጃ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ሰውየው ቀና ብሎም አላየኝም። ከብረቱ ሥር ያለውን ላሳየው ስል «እንጨት እንጨት ነው፣ ጥለኸው ሂድ» አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ ስልክ አያነሳም። ስወስደው በማሽን ፈግፍጎታል። ድሮ ከብረቱ ጋር እኩል የነበረው እንጨት ወደ ውስጥ ገብቶ የብረቱ ጠርዝ ልብስ የሚይዝ ሆኗል። አባቴ በሰንጢ የቀረጻት ትንሽ ምልክት ነበረች፣ እሷም የለችም። የኋላውን ብረት ደግሞ ጭራሽ አልፈታውም! እንዴት አወቅህ በለኝ። የቪቴዎቹ ስንጥቅ ውስጥ ያለው ዝገት እንኳን አልተነካም። ይህንን ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ባለሙያው አንተ ነህ እኔ?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ባለሙያው እኔ ነኝ።

የበሰበሰውን ጤነኛ እንጨት እስካገኝ ፍቄ አወጣሁ። መጀመሪያ በማሟሟያ በደንብ የቀጠነ ቫርኒሽ አጠጣሁት። መቅጠኑ ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ ነው። በየቀኑ እየደገምኩ፣ እንጨቱ መምጠጡን እስኪያቆም። አምስተኛው ላይ ላዩ አብረቅርቆ ቀረ፣ ጠገበ ማለት ነው። የቪቴዎቹን ቀዳዳ በጥርስ እንጨት ቀባሁ። የጥይት ካዝናው የሚገባበትን፣ ከቃታው ሥር ያለውን፣ በርሜሉ የሚተኛበትን ቦይ፣ ሁሉንም።

ቦዩ ላይ ግን ስስ ይሁን። እንጨት ሲያብጥ ወደ ርዝመቱ ሳይሆን ወደ ጎን ነው፤ ፊተኛው እንጨት አብጦ በርሜሉን ከገፋው ጥይትህ ወደ አንድ ጎን መሄድ ይጀምራል። የእኔ ወደ ግራ ይወስድ ነበር፣ እኔ ዓይኔን እጠራጠራለሁ። ወረቀት በበርሜሉና በእንጨቱ መሃል አስገብተህ ጎትተው። ድሮ በነፃነት ያልፍ የነበረ አሁን ከተያዘ፣ አብጧል። ግን ሞረድ አታንሳ፣ መጀመሪያ ይድረቅ። አንዳንዱ ጠመንጃ ደግሞ ጫፉ ላይ እንዲነካ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፣ እሱን ፍቀህ ታበላሸዋለህ።

3. ዘይት ወይስ ቫርኒሽ ለሚለው።

ሰው በዚህ ሲጣላ ይውላል። ዘይት ጠብታ ያንሸራትታል እንጂ በአየር ውስጥ ያለውን እርጥበት አያቆምም፣ ያዘገየዋል። ቫርኒሽ የተሻለ ያግዳል፣ ግን አንዴ ከተጫረ በዚያች ጭረት ይገባና ከሥር ይሄዳል፤ ለመጠገን ደግሞ መላጥ ነው። ስለዚህ እኔ የማይታየውን በቫርኒሽ ዘጋሁ፣ የሚታየውን በዘይት ተውኩ። ሲጫርብኝ በጨርቅ ቀባ አድርጌ አልፈዋለሁ። የሚስቀብኝ አለ፣ ይሳቅ።

የምትገዛው ለእንጨት ተብሎ የተዘጋጀ፣ «የፈላ» የሚባለውን የተልባ ዘይት ነው። ስሙ ነው እንጂ ዛሬ የሚሸጠው በአብዛኛው ማድረቂያ የተጨመረበት ስለሆነ ቤት ውስጥ ዘይት አፍልተህ አታገኘውም። ጥሬው ለሳምንታት እንዳጣበቀ ይቆያል። እኔ ጥሬውን አፍስሼበት አቧራውንም ፀጉሩንም ለቅሞ አረፈው። ስስ አድርገህ በእጅህ እሸው፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈውን ጠርገህ አንሳ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ተወው፣ ድገም።

የጠረግክበትን ጨርቅ ደግሞ ጨምድደህ እንዳትጥል። ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊነድ ይችላል፤ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የተጨመደደ ጨርቅ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። እኔ ቅርጫት ውስጥ ወርውሬው ባለቤቴ «ምንድነው የሚሸተኝ?» ባትል ኖሮ ይህንን የምጽፍልህ ከየት እንደሆነ እንጃ። ሳወጣው እጄን አቃጠለኝ። ዘርግተህ ውጭ አድርቀው፣ ወይም ውሃ በሞላ ጣሳ ውስጥ ክተት።

4. ቦርሳው።

የሚገርምህ ዝናቡ አይደለም የጎዳኝ፤ ዝናቡ የአንድ ቀን ነው። ከዚያ በፊት ጠመንጃው ለወራት በስፖንጅ በተሸፈነ ቦርሳ ውስጥ ዚፑ ተዘግቶ ተቀምጦ ነበር። ስፖንጅ እርጥበት ይዞ ይቀመጣል። ቦርሳ ለመንገድ ነው፣ ቤት ስትደርስ አውጣው። ቁም ሳጥን ውስጥ ከሆነ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ አስቀምጥ፤ 45 እና 55 በመቶ መካከል ከሆነ ደህና ነህ። ሲሊካ ጄል፣ ያንን እርጥበት የሚመጥ ከረጢት፣ የምትጠቀም ከሆነ ሲጠግብ ማድረቅ እንዳትረሳ። እኔ ዓመት ሙሉ የጠገበ ከረጢት ይዤ ተጠብቄያለሁ እል ነበር።

ስለ አቀማመጥ ካነሳሁ አይቀር፣ ብረቱን ዘይት አርከፍክፈህ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርገህ አታቁመው። የብረት ዘይት ቀስ እያለ ወርዶ የሰደፉ አንገት ውስጥ ይገባል፣ እንጨቱ ጠቁሮ ይለሰልሳል። ብረቱን ጥረገው፣ አፈሙዙን ወደ ታች አድርገህ ለስላሳ ነገር ላይ አቁመው።

ነጣ ነጣ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ሳልነግርህ። በደረቅ ጨርቅ ስትጠርገው ከወጣና ከሸተተህ ሻጋታ ነው፣ ይጸዳል። ጨርቁ ላይ ምንም ካልወጣ ግን ከድሮው ቀለም ሥር የታፈነ ውሃ ነው። ለማንኛውም ቅዳሜን ለቫርኒሹ ሳይሆን ለካቻቪቴው አድርገው። የኋላውን ብረት ፈትተህ ከሥሩ ያለውን እንጨት ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ። ጥቁር ከሆነ ጥፍርህን ጫን አድርገህ ገባ አልገባም እሱንም ጻፍ።