አቴና አዲሱን ዳታ አላይ ሲል፦ ፓርቲሽኑን ተወው፣ ዓምዱን ጠብቅ

«የዛሬው ፋይል ኤስ3 ላይ ገብቷል፣ አቴና ላይ ስጠይቅ ግን ባዶ ነው የሚመልሰው። የግሉን ካታሎግ በየቀኑ እንዴት ላመሳስለው?» ላልከው ወንድሜ፣ ይቺ ጉዳይ እኔንም በደንብ አቃጥላኛለች። (ለአዲስ አንባቢ፦ ኤስ3 የአማዞን ፋይል ማከማቻ ነው፤ አቴና እዚያ ያሉትን ፋይሎች በኤስኪውኤል የሚጠይቅ አገልግሎት፤ ግሉ (Glue) ካታሎግ ደግሞ ሠንጠረዡ ምን ዓምድና ምን ፓርቲሽን፣ ማለትም በፎልደር የተከፋፈለ ዳታ፣ እንዳለው የሚመዘግበው።) ከላይ «ክሮለሩን (ፋይሎቹን ቃኝቶ ካታሎጉን የሚያድሰውን የግሉ ፕሮግራም) በየሰዓቱ አስነሳውና ተገላገል» ያሉህን አትስማ።

1. ክሮለር ገንዘብ ይበላል። ሁለት ደቂቃ ሠርቶ ቢጨርስም የሚታሰብብህ ቢያንስ የ10 ደቂቃ ነው። በየሰዓቱ ካስነሳኸው፣ አንድም አዲስ ነገር ሳያገኝ በቀን የ4 ሰዓት ሂሳብ ይመጣል። እኛን ያዋቀረልን አማካሪ ድርጅት እንዲህ አድርጎት ነው የሄደው። ሂሳቡ በዶላር ነው። ፋይናንስ ደግሞ «ለምን ጨመረ?» ብሎ የሚያፋጥጠው እኔን እንጂ አማካሪውን አይደለም።

2. የሚጨመረው ፎልደር ብቻ ከሆነ ኤምኤስሲኬ ሪፔር ቴብል (MSCK REPAIR TABLE) የሚለው የአቴና ትእዛዝ ይበቃሃል። የፎልደሩ ስም ግን የዓምድ ስም፣ እኩል ምልክት፣ ከዚያ ዋጋው መሆን አለበት። የዓምዱ ስም ላይ ካፒታል ፊደል ካለበት አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። ከኤስ3 ያጠፋኸውን ፎልደርም ከካታሎጉ አያነሳልህም፣ በእጅህ ድሮፕ ታደርገዋለህ። ዳታ የሚጭነው ፕሮግራም የራስህ ከሆነ፣ ፎልደር በፈጠረ ቁጥር እዚያው በአድ ፓርቲሽን (ADD PARTITION) ትእዛዝ ካታሎጉ ላይ እንዲያስመዘግበው አድርገው።

3. እኛ አሁን የምንጠቀመው ፓርቲሽን ፕሮጀክሽን ነው። አቴና ፓርቲሽኑን ከሠንጠረዡ ቅንብር ራሱ ያሰላዋል፣ ስለዚህ የሚመሳሰል ነገር የለም። የእኛ ፎልደሮች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ነዋ የሚጀምረው። ብዙዎቹ ምሳሌዎች ዴት (ቀን) በሚለው የፕሮጀክሽን ዓይነት የተሠሩ ናቸው፣ እሱ ደግሞ ጳጉሜን አያውቃትም። ወሩን ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) አድርጌ ከ1 እስከ 13 ሰጠሁት። ፎልደሩ 01፣ 02 እያለ ስለሚሄድ ዲጂትስ (የአሃዝ ብዛት) 2 አልኩት፣ አለቀ። ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። ብቻ ያንኑ ሠንጠረዥ በሌሎቹ የአማዞን አገልግሎቶች፣ በሬድሺፍት ስፔክትረም ወይም በኢኤምአር፣ የምታነብ ከሆነ ፕሮጀክሽኑ እዚያ አይሠራም።

4. ዓምድ። ጉዱ እዚህ ላይ ነው።

የሽያጭ ዳታ በሲኤስቪ የሚልክልን ሌላ ክፍል ነው። አንድ ሰኞ ሪፖርቱ ሲወጣ ሽያጩ ወርዶ መሬት ነክቷል። ኤረር የለም፣ ሁሉም ነገር አረንጓዴ። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች «ምን ሆናችሁ?» ተብለው ተደውሎላቸዋል። ጥሬውን ፋይል ከፍቼ ሳየው፣ የሽያጭ መጠን በነበረበት አራተኛ ዓምድ ላይ ኮሚሽን ተቀምጧል፤ መጠን ወደ አምስተኛ ተገፍቷል። አቴና ሲኤስቪን የሚያነበው በቅደም ተከተል ነው፣ የዓምድ ስም አያይም። ካታሎጉ «አራተኛው መጠን ነው» ስለሚል ኮሚሽኑን እንደ ሽያጭ ደመረልን። ሁለቱም ቁጥር ስለሆኑ የሚጮህ የለም። ጽሑፍ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ኤረር ወይም ባዶ ቦታ እናይ ነበር።

ወደ ክፍሉ ሄድኩ። ኃላፊው ከስክሪናቸው ቀና እንኳ ሳይሉ «አንድ ዓምድ ነው የጨመርነው፣ እናንተን ምን አገባችሁ?» አሉኝ። ጭራሽ በደብዳቤ ጠይቁ ተባልን! ጻፍን፣ መልስ የለም።

ክሮለር ቢኖር ይይዘው ነበር የሚል አይጠፋም። አዎ፣ የሠንጠረዡን ዓምዶች ይቀይርልሃል። የድሮዎቹ ፋይሎች ግን በድሮው ቅደም ተከተል ናቸው፣ ስለዚህ አሁን የአምናው ሪፖርት ይበላሻል። የዓምዶቹ ዓይነት ካልገጠመ ደግሞ የፓርቲሽን ስኪማ ሚስማች (የፓርቲሽኑና የሠንጠረዡ የዓምድ አወቃቀር አልገጠመም የሚል) ኤረር ይዘንብብሃል። ክሮለር የግድ ካስፈለገህ የስኪማ ለውጥ ሲያገኝ ሎግ ላይ ብቻ እንዲጽፍ አድርገው፣ ሠንጠረዡን አይንካ።

እኔ ያደረግኩት ይሄ ነው። ፋይሉ እንደገባ ራስጌውን ካታሎጉ ላይ ካለው ጋር የሚያስተያይ ትንሽ ስክሪፕት ጻፍኩ። ከገጠመ ወደ ፓርኬ (የዓምድ ስሞችን አብሮ የሚይዝ የፋይል ዓይነት) ይቀይረዋል። ካልገጠመ በር ላይ ያስቀረዋል፣ ለእኔም ለኃላፊውም ኢሜይል ይልካል። ለውጡን ስንቀበልም ፓርኬን አቴና በስም ስለሚያነበው ዓምድ መሀል ቢገባም ግድ የለም። አሁን እሳቸው ናቸው «እባክህ ፋይላችን ለምን አልገባም?» እያሉ የሚደውሉልኝ። ደብዳቤ ጻፉ ልላቸው ይቃጣኛል፣ ግን እተወዋለሁ።

ወደ አንተ ስመለስ፣ ሪፔር ብለህ ፓርቲሽኑ ካልተጨመረ መጀመሪያ ፈቃድህን እይ። የአይኤኤም (የአማዞን የፈቃድ መቆጣጠሪያ) ፖሊሲህ ላይ የግሉ ባች ክሪኤት ፓርቲሽን (glue:BatchCreatePartition) ፈቃድ ከሌለ አዲሱን ፎልደር ያገኘዋል እንጂ ካታሎጉ ላይ አይጽፈውም። እሱም ካልሆነ የሾው ክሪኤት ቴብል (የሠንጠረዡን አሠራር የሚያሳይ ትእዛዝ) ውጤቱንና የአንድ ፎልደር ሙሉ አድራሻ እዚህ ለጥፍልን። የአካውንት ቁጥርህን ግን አጥፋው።