ተቅማጡን በጥርስ አያሳብቡ

ጥያቄ፦ የስምንት ወር ልጄ የታች ጥርሶቹን እያወጣ ነው። ለሃጩ አይቆምም፤ ሌሊት ይነጫነጫል። ከሦስት ቀን ወዲህ ደግሞ ያስቀምጠዋል፤ ያተኩሰዋል። ጎረቤቶቼ «የጥርስ ነው፤ ግግ ካልወጣለት አይሻለውም» ይሉኛል። ከታላቁ የተረፈ አሞክሳሲሊን እየሰጠሁት ነው። ድድ የሚያደነዝዝ ቅባት ልግዛለት?
(እናት፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን)

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ቅባት ነው፤ የሚያስጨንቅዎት ግን ልጁ እየደከመብዎት መሆኑ ይመስለኛል። ስለ ጥርሱ አይስጉ። ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዘው ያስነክሱት፤ እጅዎን ታጥበው ድዱን በጣትዎ ቀስ እያደረጉ ይሹለት። ቅባቱን አይግዙ። አንዳንዱ የያዘው ቤንዞኬይን የሕፃን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ሊያደርግ ይችላል።

ጥርስ ግን አያስቀምጥም፤ ከ38 ዲግሪ የሚበልጥ ትኩሳትም አያመጣም። በዚህ ዕድሜ ልጅ ይድሃል፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከትታል፣ ምግብም ይጀምራል። ተቅማጡ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው።

ግግ የሚሉትን ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ አያስነኩት። ድዱን በስለት ቀድደው «ይኸው ትሉ» ብለው የሚያሳዩዎት ነጭ ነገር ገና ያልጠነከረ የልጅዎ ጥርስ ነው። ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስም አብሮ ሊበላሽ ይችላል። ደም አልቆም ያላቸው፣ ቁስሉ ያመረቀዘባቸው ሕፃናት አሉ፤ ባልጸዳ ስለት ቴታነስና ኤችአይቪ ይተላለፋሉ። «ለእኔ ልጅ ግን ሠርቷል» የምትል ጎረቤት አትጠፋም። ልጇ የዳነው ተቅማጡ በራሱ ጊዜ ስላበቃ ነው፤ ድዱ ባይቀደድም ይድን ነበር።

አሞክሳሲሊኑንስ ማን አዘዘው? የተበጠበጠ ሽሮፕ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም፤ መድኃኒቱ ራሱም ያስቀምጣል። ያቁሙት። ሦስት ቀን በድሬዳዋ ሙቀት ለሕፃን ብዙ ነው፤ እስካሁን መቆየት አልነበረብዎትም።

ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። እስከዚያ ጡት ደጋግመው ያጥቡት። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጠው፣ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ይስጡት። እዚያም ዚንክ ይሰጡታል፤ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ መጨረሻው ያስውጡት። የወባ ምርመራም ይጠይቁ። በ2014 ዓ.ም. ወባ በደረቁ ወቅት ድሬዳዋ ላይ እንደተነሣ ያስታውሱ ይሆናል፤ ዝናብ የለም ተብሎ ትኩሳት አይናቅም።

ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ያለ እንባ ካለቀሰ፣ አልጠባም ካለ፣ ሰገራው ደም ካለው ወይም ሲቀሰቅሱት ከፈዘዘ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የሽሮፑን ጠርሙስ ይያዙና ስንት ጊዜ እንደሰጡት ሳይደብቁ ይንገሯቸው።