የመርከብ ጭስ የት ይደርሳል? ጥያቄና መልስ

ስለ መርከብ ሞተር መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። እነሆ መልሱ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን ነው።

«ባሕር መሃል ሰው የለም። ጭሱ ማንን ይጎዳል?»

ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። ግን 70 በመቶ የሚሆነው የመርከብ ጭስ የሚወጣው ከየብስ 400 ኪሎ ሜትር ሳይርቅ ነው። ነፋሱ ወደ ከተማ ያመጣዋል። ደቃቁ ብናኝ ደግሞ ሳንባ ድረስ ይዘልቃል።

«ነዳጁ ከመኪና ናፍጣ በምን ይለያል?»

እህቴ፣ አይገናኙም! ትልልቆቹ መርከቦች ለዓመታት ያነደዱት ከባድ ጥቁር ናፍጣ ነው፤ ድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ ታች የሚቀረው ዝቃጭ። ሲቀዘቅዝ እንደ ሬንጅ ይወፍራል። ሞተር ውስጥ የሚገባው ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆ ነው። እስከ 2019 መጨረሻ 3.5 በመቶ ድኝ (ሰልፈር) ይፈቀድለት ነበር። ለአውሮፓ መኪና ናፍጣ የሚፈቀደው 0.001 በመቶ ነው። 3,500 እጥፍ ማለት ነው። ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ጣሪያው 0.5 በመቶ ሆነ። በባልቲክ፣ በሰሜን ባሕርና በሰሜን አሜሪካ ዳርቻ ግን 0.1 ነው። ከሜይ 2025 ጀምሮ ሜዲትራኒያንም ተጨምሯል።

«ጭስ ማጠቢያ የሚገጥሙትስ?»

ስክራበር ይባላል። ድኙን በባሕር ውሃ አጥቦ ያስቀራል። አንዳንዱ ዓይነት ግን እጣቢውን መልሶ ባሕር ይደፋዋል። ለእኔ ይሄ ቆሻሻውን ቦታ ማቀያየር ነው።

«መርከብ ደመና ይሠራል የሚባለው እውነት ነው?»

እውነት ነው፤ የምወደው ጥያቄም ይሄ ነው። የደመና ጠብታ የሚያርፍበት ብናኝ ይፈልጋል። ከድኙ የሚገኘው ብናኝ ሲበዛ ጠብታው በቁጥር ይበዛል፣ በመጠን ግን ያንሳል። ደመናው ነጣ ብሎ የፀሐይን ብርሃን ይመልሳል። በሳተላይት ፎቶ፣ ለምሳሌ ከካሊፎርኒያ ወዲያ ባለው ባሕር ላይ፣ የመርከቦቹ መንገድ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል።

ከ2020 በኋላ መስመሮቹ በጣም ቀነሱ። በሲንጋፖር አካባቢ በመርከብ መስመሩ ላይ ይበዛ የነበረው መብረቅ እንኳ በግማሽ ገደማ ወረደ። ጣጣው ግን፣ ብርሃን የሚመልሰው ደመና ሲሳሳ ባሕሩ ይበልጥ ይሞቃል። ምን ያህል? ሳይንቲስቶቹ ገና እየተከራከሩበት ነው። «እንግዲያው ድኙ ይመለስ» የምትሉ አላችሁ። በፍጹም! ሙቀቱን ያመጣው ካርቦኑ ነው፤ ድኙ ሸፍኖት ነው የቆየው።

«ቀይ ባሕር ላይ መርከብ ስለቀነሰ አየሩ ጸዳ?»

እዚያ ቀለል ይላል። ግን ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ብዙዎቹ በደቡብ አፍሪካ ዞረው ነው የሚሄዱት። መንገዱ ረዝሞ ነዳጁም ጨመረ። ጭሱ ሰፈር ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

«ጅቡቲ ወደብ የቆመ መርከብም ያጨሳል?»

ዋናው ሞተር ቢጠፋም ጄኔሬተሩ ይሠራል። መብራት፣ ፓምፕ፣ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነር፣ ሁሉም ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። መፍትሔው ከወደቡ መብራት መሳብ ነው፤ ወደቡ መስመሩን ከዘረጋ ማለቴ ነው።

«ድኙ ከቀነሰ ችግሩ አለቀ ማለት ነው?»

አላለቀም። ናይትሮጅን ኦክሳይድ አለ። እሱ የሚመጣው ከሞተሩ ግለት ስለሆነ ነዳጅ መቀየር ብዙም አይነካውም። ፀሐይ ሲያገኘው የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ሲገባ ሳንባ የሚጎዳውን ኦዞን ይፈጥራል። ከስሪላንካ ደቡብ እስከ ማላካ (በማሌዢያና በኢንዶኔዢያ መካከል ያለው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ) ድረስ ያለው የመርከብ መስመር ዛሬም በዚህ ጋዝ የተነሳ በሳተላይት ይለያል።