ስፒከርን በሁለት አምፕ ስለማስነዳት፦ አንድ አምፕ አቃጥዬ ያወቅኩት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ከኋላቸው አራት አራት የገመድ ማሰሪያ ያላቸው ስፒከሮች አሉህ፤ አሮጌው አምፕህ (የድምፅ ማጉያው) ደግሞ ቁም ሳጥን ውስጥ አቧራ ይጠጣል። አዲሱን ለቤዝ፣ አሮጌውን ለቱዊተር (ቀጭኑን ድምፅ ለሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ባደርግ ድምፁ ይጠራልኛል ወይ ነው ያልከው። ጉዳያችን አንድ ነው፤ እኔንም የተረፈ አምፕ ነው ያሳሳተኝ። አጭሩ መልስ፦ አይጠራም። ረጅሙን ደግሞ እንካ።

1ኛ. ብረቶቹን አውጣ። የላይኛውንና የታችኛውን ማሰሪያ የሚያገናኙትን ወርቃማ ብረቶች ማለቴ ነው። ለአንድ ስፒከር ሁለት፣ በድምሩ አራት ናቸው። ገመድ ሳትነካ አራቱንም አውጥተህ ጠረጴዛ ላይ ደርድራቸውና ቁጠራቸው። እኔ አልቆጠርኩም። የግራውን ሁለቱንም አወጣሁ። ቀኙ ላይ አንዱ ብሎን አልላላ አለኝ፤ ፒንሳ ፍለጋ ተነሳሁ፣ በመሃል ስልክ ተደወለ፣ ሳወራ ቆየሁ። ስመለስ ያለቀ መስሎኝ ገመዱን አሰርኩ።

ድምፁን ዝቅ አድርጌ ስከፍት ምንም ችግር አልነበረም። ከፍ ሳደርገው ቀኙ መንኮሻኮሽ ጀመረ፤ ወዲያው ጠቅ አለና ዝም። ከዚያ ያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። በኋላ ነገሩ ሲገባኝ እንዲህ ነው፦ ሁለቱ አምፖች በዚያች ብረት በኩል ፊት ለፊት ተጋጥመዋል። በተመሳሳይ ሲግናል አንዱ 10 ቮልት ሲያወጣ ሌላው 14 ያወጣል። የ4 ቮልቱ ልዩነት በ8 ኦም ስፒከር ቢያልፍ ግማሽ አምፔር ብቻ ነው፤ ብረቷ ግን ተቃውሞ የላትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አንዱ አምፕ ያለ የሌለ ከረንቱን ሌላው ላይ ለቀቀበት። የሄደው አዲሱ ነው፣ አሮጌውማ ምን ሊሆን!

ዋስትናው ስላላለቀ ወደ ገዛሁበት ወሰድኩት። ባንኮኒው ላይ ያለው ሰውዬ ክዳኑን እንኳ አልፈታም። አፍንጫውን ወደ አየር ማስገቢያው አስጠግቶ አሸተተና፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ፣ «ገመድ ማሰር ሳትችል ሁለት አምፕ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ፤ ያውም ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ አልክድም። ግን ሦስት ሳምንት አስቀምጦ ሳይነካው መልሶልኝ የምርመራ ብሎ ሲያስከፍለኝ ምን ይባላል? ብሎኖቹ ላይ በእስክሪብቶ ያደረግኩት ምልክት ሳይዛነፍ ነበር የመጣው። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ናቸው ያዳኑልኝ። የወጡትን ትራንዚስተሮች መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ፤ አንዷ ለሁለት ተሰንጥቃለች። ተቆጥተው እንኳ አልተቆጡኝም፤ «ብረቱን ረስተህ ነው አይደል?» ብቻ አሉ።

2ኛ. እልኸኛ ስለሆንኩ ደገምኩት፤ በዚህ ጊዜ ብረቶቹን ቆጥሬ። እውነቱን ልንገርህ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ደስታ በደስታ ነበር። ሲምባሉ ፈካ፣ የዘፋኙ ትንፋሽ ሳይቀር ተሰማኝ፤ ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። ትንሽ ቆይቶ ግን እያንዳንዷ «ስ» ጆሮዬን ትወጋኝ ጀመር። ለካ የ10 እና የ14 ቮልቱ ልዩነት ወደ 3 ዴሲቤል ነው! ቱዊተሩ ከቤዙ በ3 ዴሲቤል ጮሆ እኔ «ጥራት» እያልኩ ነበር። ትሬብሉን ባዞረው እኮ ያው ነው።

ከዚያ የ60 ኸርዝ ድምፅ ከፍቼ፣ ሁለቱን አምፖች በየተራ በመልቲሜትር ለክቼ ቮልታቸውን እኩል አደረግኩ። (60 ያልኩት ርካሽ መልቲሜትር በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ስለሚዋሽ ነው።) ታናሽ ወንድሜን ገመዱን እየቀያየረ አንዴ በአንድ፣ አንዴ በሁለት አምፕ እንዲያደርገው አዘዝኩት፤ እኔ ከክፍሉ ወጥቼ እጠብቃለሁ። ገብቼ እየሰማሁ የትኛው እንደሆነ ስገምት ከ10 ጊዜ 5ቱን አገኘሁ። ሳንቲም ብወረውርም ያው ነበር። ወንድሜ እስካሁን ይስቅብኛል።

ከላይ አንዱ መላሽ 100 ሲደመር 100፣ 200 ዋት ይሆንልሃል ብሎሃል። ላም አለኝ በሰማይ ነው። ዋቱ በእርግጥ እጥፍ ቢሆን እንኳ የምታገኘው 3 ዴሲቤል ነው፤ ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል ወደ 10 ዴሲቤል ያስፈልጋል፣ ያ ማለት አሥር እጥፍ ዋት። ድምፁን የሚከፋፍለው ክሮስኦቨር ደግሞ ስፒከሩ ውስጥ እስካለ ድረስ ሁለቱም አምፖች ሙሉውን ሙዚቃ በሙሉ ቮልቱ ማውጣት አለባቸው። የሙዚቃው ጉልበት አብዛኛው ታች፣ ቤዙ ላይ ስለሆነ የቱዊተሩ አምፕ ሥራ ፈት ነው። የኔው አሮጌ አምፕ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስሰማ ውሎ ክዳኑ ለብ እንኳ አላለም። ሪሲቨር (ብዙ አምፕ በአንድ ሳጥን የያዘ መሣሪያ) ላይ ያለው የባይ-አምፕ፣ ማለትም አንድን ስፒከር በሁለት አምፕ የማስነዳት ምርጫም ቢሆን ያንኑ አንድ ትራንስፎርመር ነው የሚካፈለው።

የሚሠራው ክሮስኦቨሩ ከአምፖቹ በፊት ሲሆን ነው፤ አክቲቭ የሚባሉት የስቱዲዮ ስፒከሮች እንደዚያ ናቸው። ለዚያ ግን የስፒከርህን ሆድ ከፍተህ የውስጡን ክሮስኦቨር ማውጣት ሊኖርብህ ነው፣ ቱዊተሩም ያለ ከለላ አምፕ ላይ ይታሰራል። እኔ አልሞክረውም።

3ኛ ብዬ ልጽፍ የነበረው ስለ ቦታ ነው። ስፒከሮቼን ከግድግዳው 40 ሴንቲ ወደፊት ሳመጣቸው ያ የሚያጉረመርም ቤዝ ተስተካከለ። ያለ አንድ ገመድ! ይህንን መጀመሪያ ባደርገው ኖሮ ከዚያ ሰውዬ ጋር ባልተገናኘንም።

እንቢ ብለህ ከሞከርክ ግን፣ ማብሪያውን ሳትነካ የሁለቱንም ስፒከር ጀርባ ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፍ። ብረቶቹን እኔ እቆጥርልሃለሁ።