«ትለምጂዋለሽ» ለሚሉሽ አትሸነፊ

የጻፍሽልኝ ባጭሩ ይሄ ነው። ፍራጃይል ኤክስ የተባለ፣ በዘር የሚተላለፍ የጂን ችግር እንዳለብሽ በምርመራ ታውቋል። በመረጃ አያያዝ ተመርቀሻል። ሁለት ሥራ ቀርቦልሻል፤ አንዱ ደመወዙ ሻል ያለው እንግዳ ተቀባይነት፣ ሌላው መዝገብ ቤት። ቤተሰብሽ «ጫጫታውን ትለምጂዋለሽ» እያለ ወደ መጀመሪያው ይገፋሻል።

እኔ መዝገብ ቤቱን እላለሁ። ችግሩ ያለው እዚያው «ትለምጂዋለሽ» ላይ ነውና። በፍራጃይል ኤክስ፣ ኤፍ ኤም አር 1 በሚባለው ጂን ውስጥ ሲ ጂ ጂ የተባለችው የሦስት ፊደል የጂን ቅንጣት ከ200 ጊዜ በላይ ትደጋገምና ጂኑ ይዘጋል፤ አእምሮ የሚፈልገው ፕሮቲንም ይጓደላል። ሴቶች ሁለተኛ ኤክስ ክሮሞሶም ስላላቸው ብዙውን ጊዜ ይቀልላቸዋል። ቢሆንም ተደጋጋሚ ድምፅን መልመድና ችላ ማለት የሚከብዳቸው አሉ። አንቺም «ጠዋት የጮኸው ስልክ ከሰዓት በኋላም ያስደነግጠኛል» ብለሽኛል። ጓደኞችሽ ያንን ስልክ ገና ድሮ ረስተውታል። ማታ ዝለሽ ቤት የምትገቢው ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም።

«ቃለ መጠይቅ ላይ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ፤ ኦቲዝም ነው ወይ?» ላልሽው፣ በፍራጃይል ኤክስ ዓይን መሸሽ በአብዛኛው ከጭንቀት ነው እንጂ ሰው ከመጥላት አይደለም። ፍራጃይል ኤክስና ኦቲዝም አብረው ሊኖሩም ይችላሉ፤ እሱን የሚለይልሽ ሐኪም ነው። እስከዚያው ማስታወሻ ደብተር ይዘሽ ግቢ። ጥያቄውን እየጻፍሽ ስትሰሚ ዓይንሽ ማረፊያ ያገኛል፤ ጠያቂውም «ልብ ብላ ትሰማለች» ይላል። (ዓይን ዓይን እያየ ከሚቀባጥር አመልካች ይሄ ይሻላል፣ ለኔ።)

መዝገብ ቤት ሁሉ ግን ጸጥ ያለ አይደለም። አንዳንዱ ማተሚያ ማሽኑ የሚያጓራበት፣ አምፖሉ ብልጭ ድርግም የሚልበት ክፍል ነው። ከመፈረምሽ በፊት ሰው በሚበዛበት ሰዓት ሄደሽ ክፍሉን እዪው። ወንበርሽ የት እንደሚሆን ጠይቂ፤ በር ጀርባሽ ላይ ከሆነ ሰው በገባ ቁጥር ትበረግጊያለሽ።

ለአለቃሽ ስለ ጂን ማብራራት አያስፈልግሽም ባይ ነኝ። የሚሠራልሽን ነገር ብቻ ንገሪያቸው፦ «ሥራውን በጽሑፍ፣ አንድ በአንድ ስትሰጡኝ፣ ከማሽኑም ራቅ ስል ጥሩ እሠራለሁ።» ይሄ ለማንም የሚገባ ጥያቄ ነው።

እንግዳ ተቀባይነቱን እምቢ የምትዪው ግን መዝገብ ቤቱን በዓይንሽ ካየሽ በኋላ ይሁን።