ቾክ ሲሳብ የሚሠራ፣ ሲመለስ የሚጠፋ ሞተር፦ ካርቡሬተር ከመግዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከአዳማ ያገለገለ ባለ 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል ገዝተህ ለገጣፎ አመጣህ። ጠዋት በቾክ (አየሩን ቀንሶ ቤንዚን በሚያበዛው ማንሻ) ይነሳል፣ ቾኩን ስትመልሰው ይጠፋል። መንገድ ላይ ደህና ይሄዳል፤ ጋዝ ለቀህ ፍሪሲዮን (ክላች) ስትይዝ ግን መስቀለኛው ላይ ድርግም ይላል። ካንዴላ (እሳት የምትረጨዋን) ቀየርክ፣ ለውጥ የለም። መካኒኩ "አዲስ ካርቡሬተር ግዛ" አለህ፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ማለቱ ነው። ከኔ በፊት የመለሱልህ ሦስት ሰዎች ደግሞ "ከፍታው ነው፣ ከአዳማ ስለመጣ ነው" ብለውሃል።

እኔ የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ስድስት ዓመት በሞተር ወተት አመላልሻለሁ። ይህቺን በሽታ በገንዘቤ ነው የተማርኳት፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

በከፍታው ልጀምር። ሐሳቡ ልክ ነው፣ አንተ ላይ ግን አይሠራም። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ወደ 2,400፣ እንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,000ን ያልፋል። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ካርቡሬተሩ ግን ይህን አያውቅም፣ ታች የለመደውን ያህል ቤንዚን መስጠቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ከፍታ የሚያመጣው ጣጣ ቤንዚን መብዛት ነው። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጥቁር ያጨሳል፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ይከብደዋል። እንዲህ ያለ ሞተር ላይ ቾክ ብትስብ ጭራሽ ታፍነዋለህ። ያንተ ደግሞ ነፍስ የሚዘራው ቾክ ሲሳብለት ነው። የራበው እንጂ የጠገበ ሞተር አይደለም። ወይ ቤንዚን አንሶታል፣ ወይ ባልተጠራበት መንገድ አየር እየገባበት ነው።

ይሄን ግን ሞተሩ ሞቆ እያለ አረጋግጥ። በእናንተ ሰፈር የጠዋት ብርድ ማንኛውም ሞተር ቾክ ቢፈልግ አይፈረድበትም። አሥር ደቂቃ ንዳው፣ ቁም፣ ሊጠፋ ሲል ቾኩን ግማሽ ድረስ ሳበው። ከተረጋጋ ከታች የምጽፈው ላንተ ነው። ከባሰበት ኤር ፊልትሮህን አውጥተህ አራግፍ፤ በበጋ አቧራ የታፈነ ፊልትሮም ልክ እንደ ከፍታው ነው የሚያደርገው።

የኔ እንዲህ ነበር። የመጀመሪያው መካኒክ ካቻቪቴ አንስቶ ሚኒሞውን (ጋዝ ሳይሰጠው የሚሠራበትን ዙር) ከፍ አደረገልኝ፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ለሳምንት ያህል ደስ አለኝ። ከዚያ ቀዝቃዛ ሲሆን ይጠፋል፣ ሲሞቅ ደግሞ ጋዝ ለቅቄ እንኳ ይጮሃል። ከእንጦጦ ወደ ከተማ ስወርድ ሞተሩ አልይዝ ብሎ ሙሉውን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ነው የወረድኩት፣ ያውም በሁለት ጎን ወተት ጭኜ። ሁለተኛው መካኒክ ካርቡሬተር አስገዛኝ። አዲሱ ካርቡሬተር ልክ እንደ አሮጌው ጠፋ።

መልሱ የመጣው ከመካኒክ አይደለም። ክረምት ነው፣ አንዲት ወተት የምታስረክበኝ እናት ደጅ ሞተሩን ሳላጠፋ አቁሜ ጀሪካን እየተረከብኩ ነበር። እንደልማዱ ቡር… ቡር… እያለ ሊጠፋ ያጣጥራል። ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚወርደውን ውሃ ነፋሱ እየገፋ የሞተሩ ጎን ላይ ያንጠባጥበዋል። ጠብታው ካርቡሬተሩንና ሲሊንደሩን የምታገናኘዋ ጥቁር ጎማ ላይ ባረፈ ቁጥር ድምፁ ለአፍታ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ይመለሳል። ጀሪካኑን አስቀምጬ ጎንበስ አልኩ። ጎማዋ ላይ የጥፍር ያህል ስንጥቅ አለች። አውራ ጣቴን ጫን ሳደርግባት ሞተሩ እንደ አዲስ ሰዓት መታ። ሳነሳ ሊጠፋ፣ ስጫን ሊኖር። ስቄም ተናድጄም አላውቅም እንደዚያ ቀን።

ለምን ሚኒሞ ላይ ብቻ ያስቸግራል ካልክ፣ ጋዝ ስትዘጋ ፒስተኑ እየሳበ ነው፣ መንገዱ ግን ተዘግቶበታል። ስለዚህ በሙሉ ኃይሉ በዚያች ስንጥቅ ይጠባል፤ የሚያገኘው ደግሞ ቤንዚን የሌለበት ባዶ አየር ነው። ጋዝ ስትከፍትለት ዋናው በር ስለሚከፈት የስንጥቋ አየር ከቁጥር አይገባም። ያንተ "መንገድ ላይ ደህና ይሄዳል" ያልከው ለኔ ትልቁ ምልክት ይሄ ነው። ስንጥቋን በዓይን ላታያት ትችላለህ። ሞተሩን አስነስተህ፣ በፀጉር መርጫ ፕላስቲክ ውሃ ሞልተህ ጎማዋን ዙሪያዋን፣ ከብሎኖቿ ሥር ያለውን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ጭምር እርጨው። ድምፁ ከተለወጠ አገኘኸው። አንዳንዱ በቤንዚን ይሞክራል፤ የጋለው ማርሚታ እዚያው አጠገብ ነው፣ እንዳትነካው።

ጎማዋ ደህና ከሆነች ቀጥሎ የምጠረጥረው የሚኒሞውን ጄት ነው። ካርቡሬተሩ ውስጥ ሁለት የናስ ጄት (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ትንሽ ብሎን) አለ፤ ትልቁ ለመንገድ፣ ትንሹ ለሚኒሞ። የትንሹ ቀዳዳ የመርፌ ጫፍ ነው፣ ሞተሩ ወር ሁለት ወር ቆሞ ከነበረ ቤንዚኑ ሲደርቅ የሚተወው ሙጫ ይደፍነዋል። ያንተን ሞተር ሻጩ ምን ያህል ጊዜ አቁሞት እንደነበር ጠይቀው። ጄቱን ፈትተህ ወደ ሰማይ አቅንተህ እየው፣ ክብ ብርሃን ካልታየህ ተደፍኗል። በካርቡሬተር ማጽጃና በንፋስ አጽዳው፤ እምቢ ካለ ከመብራት ገመድ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር መዝዘህ ሞክር። በብረት ሽቦ የሚጎረጉር መካኒክ ካየህ ግን እጁን ያዘው፣ ቀዳዳው አንዴ ከሰፋ ጄቱ አለቀለት።

ካርቡሬተሩ ከመፈታቱ በፊት ከሥሩ ያለችውን የማፍሰሻ ቪቴ አላልተህ ውስጡ ያለውን ቤንዚን በተቆረጠ ሃይላንድ ተቀበለው። ትንሽ ይርጋ። ከታች እንደ ዶቃ የሚንከባለል ነገር ካየህ ውሃ ነው። እኛ ዳር አገር ቤንዚን ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የማንገዛው ነገር የለም፣ ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው።

ሩብ ሰዓት ነድተህ የሚጠፋ፣ የታንከሩን ክዳን ስትከፍት "ፍስ" ብሎ የሚመለስ ከሆነ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ያንተ ግን አይመስለኝም።

ጎማውም ጄቱም ደህና ሆኖ ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ፑንታሪያውን (የቫልቩን ክፍተት) አስለካ፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ። በነዚህ ትንንሽ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች የቫልቩ ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊሜትር ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር በሞተሩ መጽሐፍ ላይ አለ። ሰው ቫልቭ ሲንኳኳ ይደነግጣል፤ እኔ የምፈራው ዝም ያለውን ነው። የጠበቀ ቫልቭ ሲሞቅ አይገጥምም፣ ኃይሉ በዚያ ይሾልካል።

የአየር ቪቴዋን (የሚኒሞውን የአየርና የቤንዚን ልክ የምታስተካክለውን ብሎን) እና ሚኒሞውን የምትነካው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ቪቴዋን ከመንካትህ በፊት ቀስ ብለህ እስክትገጥም አስገባት፣ ስንት ዙር እንደገባች ቁጠርና ጻፈው፤ ቢበላሽብህ የምትመለስበት ቁጥር ይኖርሃል። ብዙ ጊዜ ልኳ ከ1.5 እስከ 2.5 ዙር ክፍት ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ ድምፁ ከሁሉ ቦታ ከፍና ለስላሳ የሚልበት ላይ ተዋት፣ ከዚያ ሚኒሞውን 1,400 ዙር አካባቢ አውርደው።

እኔ ያን ቀን ስንጥቋን ከአሮጌ ከነመዳሪ በቆረጥኩት ቁራጭ ጠፍሬ ወተቱን አደረስኩ፤ ሦስት ቀን ሠራልኝ። ጎማዋን ስትገዛ አሮጌዋን ፈትተህ ይዘህ ሂድ። መርካቶ ገብተህ "የ150" ካልክ የብሎኑ ቀዳዳ የሚገጥም፣ አፉ ግን የሚሰፋ ይሰጡሃል፤ ስታስገባው እሺ ይላል፣ አየሩ ግን በጎን ይቀጥላል።