መመረቂያ ጽሑፌን በበረዶ ላይ ልሥራ?

ጥያቄ፦ የአራተኛ ዓመት የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። አማካሪ መምህሬ የመመረቂያ ጽሑፌን በበረዶ ሜካኒካዊ ባሕርይ ላይ እንድሠራ ሐሳብ አቅርበውልኛል። ጉዳዩ ቢስበኝም ጓደኞቼ «ኮንክሪት ወይም ብረት ብትመርጪ ሥራ ታገኛለሽ፤ በረዶ ግን በር የሌለው ክፍል ነው» ይሉኛል። ልቀበለው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ ተቀበዪው። ጓደኞችሽ በሚሉት ውስጥ ግን እውነት አለ፤ እርሱንም አልደብቅሽም፣ ኋላ እመጣበታለሁ።

በቅድሚያ ስለ በረዶ አንድ ነገር ልንገርሽ። በረዶ ለእጃችን ቀዝቃዛ ቢሆንም ለመሐንዲስ የጋለ ቁስ ነው። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ያለ በረዶ 263 ኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከመጨረሻው ቅዝቃዜ ጀምሮ የሚቆጠር መለኪያ) ሙቀት አለው፤ የሚቀልጠው ደግሞ በ273 ኬልቪን ነው። ከፍጹም ዜሮ እስከ መቅለጫው ካለው መንገድ 96 በመቶውን ጨርሷል ማለት ነው። ብረት እዚህ ደረጃ ላይ ለመድረስ ከ1,400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መጋል አለበት። እንዲህ በጋለ ብረት ድልድይ የሚሠራ ማንም የለም፤ በረጋ ሐይቅና ወንዝ ላይ ግን የጭነት መኪና ይነዳል።

ግራ የሚያጋባው ጠባዩ በአብዛኛው ከዚህ ይመነጫል። ቀስ ብለሽ ስትጫኚው ሳይሰበር ይለመጣል፤ የተራራ ግግር በረዶ በገዛ ክብደቱ ቁልቁል የሚፈስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ብሪታንያዊው ጆን ግሌን በ1950ዎቹ ባደረገው ሙከራ እንደታየው፣ ጫናው እጥፍ ሲሆን የመለመጡ ፍጥነት ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል። ያንኑ በረዶ በድንገት ብትመቺው ግን ይፈረካከሳል፤ ስንጥቅ እንዳይስፋፋ የመከላከል ዐቅሙ ከመስታወት እንኳ ያነሰ ነው። ስለዚህ «በረዶ ምን ያህል ጠንካራ ነው?» ለሚል ጥያቄ አንድ ቁጥር መልስ አይሆንም። በምን ሙቀት፣ በምን ፍጥነት፣ በየትኛው አቅጣጫ፣ ክሪስታሎቹስ ምን ያህል ትልልቅ ናቸው ተብሎ መጠየቅ አለበት። የባሕር በረዶ ከሆነ ደግሞ በውስጡ የታሰረው ጨዋማ ውሃ መጠን ይጨመራል፤ እርሱ በበዛ ቁጥር በረዶው ይደክማል።

ይህ በመጽሐፍ ብቻ የሚቀር ዕውቀት አይደለም። ከዜሮ በታች ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ በረዶ ሲጨመቅ ከ5 እስከ 25 ሜጋ ፓስካል (አንዱ ሜጋ ፓስካል በካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 10 ኪሎ ግራም ያህል እንደ መጫን ነው) ይሸከማል፤ ሲጎተት ግን ከ3 ሜጋ ፓስካል እምብዛም አያልፍም። ሲጎብጥ አንድ ጎኑ ስለሚጎተት በቀላሉ ይሰበራል። በረዶ ሰባሪ መርከብ በረዶውን ፊት ለፊት ከመግፋት ይልቅ አፍንጫውን ላዩ ላይ ጭኖ በክብደቱ የሚሰብረው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተው 12.9 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የካናዳ ኮንፌዴሬሽን ድልድይም ምሰሶዎቹ በውሃው ወለል አካባቢ የሾጣጣ ቅርጽ አላቸው፤ እየመጣ የሚገፋቸው በረዶ ሾጣጣውን ሲወጣ ጎብጦ ይሰበራል።

ፊት ለፊት መጋፈጥ ምን እንደሚያስከትል ለማየት የሞሊክፓቅን ታሪክ አንብቢ። ከካናዳ በስተሰሜን ባለው በቦፎርት ባሕር የቆመ የነዳጅ መቆፈሪያ መድረክ ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1986 ወፍራም የባሕር በረዶ ቀጥ ካለው ግድግዳው ጋር እየተላተመ ሲደቅቅ መላው መድረክ በኃይል ተንቀጠቀጠ፤ በውስጡ የተሞላው አሸዋም በከፊል ጥንካሬውን አጥቶ እንደ ፈሳሽ ሆነ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይከነክነኛል፤ ምክንያቱም አደጋውን ያመጣው የበረዶው ክብደት ብቻ አልነበረም፤ የአሰባበሩ ምት ከመድረኩ ንዝረት ጋር መግጠሙም ጭምር ነው። ዛሬ በባልቲክ ባሕር የነፋስ ተርባይን የሚተክሉ መሐንዲሶች የሚያሳስባቸው ይኸው ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ጓደኞችሽ ልመለስ። «የበረዶ መሐንዲስ» የሚል መጠሪያ ያለው ሥራ በእርግጥ ጥቂት ነው፤ ያለውም እንደ ሄልሲንኪ፣ ትሮንድሃይም፣ ሃምቡርግና በካናዳ ሴንት ጆንስ ባሉ ከተሞች ዙሪያ የተሰባሰበ ነው። ከቤተሰብሽ ርቀሽ መኖር የማይሆንልሽ ከሆነ በዚህ መጠሪያ ላይ ተስፋሽን አትጣዪ። የምትማሪው ነገር ግን ከበረዶ ጋር ታስሮ አይቀርም። በግለት ውስጥ የሚሠሩ የተርባይን ቅጠሎች፣ ፕላስቲኮች፣ የጨው ዐለት፣ አስፋልት ሳይቀር ጥንካሬያቸው በሙቀትና በጫናው ፍጥነት ይለዋወጣል። የአውሮፕላን ክንፍና የኤሌክትሪክ መስመር ላይ የሚጋገረውን በረዶ የሚያጠኑም አሉ። ስለዚህ ርእስሽን በቁሱ ሳይሆን በጥያቄው ሰይሚው፤ «የጫና ፍጥነትና ሙቀት በተሰባሪ ቁስ የመጉበጥ ጥንካሬ ላይ ያላቸው ተጽዕኖ» ብትይ ማንኛውም ቀጣሪ ይገባዋል።

ከመወሰንሽ በፊት በቤት ማቀዝቀዣ ሞክሪው። ጎንና ታቹ በስፖንጅ የተሸፈነ፣ አፉ ክፍት የሆነ ሣጥን ውሃ ሞልተሽ አስገቢ፤ ከላይ ወደ ታች ስለሚረጋ አየሩ ወደ ታች ይገፋል። እስከ መጨረሻው ሳይረጋ አውጥተሽ ጥርት ያለውን ክፍል በመጋዝ 3 በ3 ሴንቲ ሜትር ቁረጪ። 30 ሴንቲ ሜትር በተራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ አስተኝተሽ መኻሉ ላይ ባልዲ አንጠልጥዪና ውሃ ጨምሪበት። የመጉበጥ ጥንካሬው 1.5 ሜጋ ፓስካል ከሆነ ወደ 9 ኪሎ ግራም ሲደርስ ይሰበራል። አሥር ብትሰብሪ አሥሩም የተለያየ ቁጥር ይሰጡሻል፤ በዚህ አትበሳጪ፣ የተሰባሪ ቁስ ስታቲስቲክስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ነገር ግን የእያንዳንዱን ሙቀት መዝግቢ። ሙቀቱ ያልተጻፈበት የበረዶ ቁጥር ምንም አይነግረንም፤ ናሙናውም ከማቀዝቀዣ ወጥቶ በቆየ ቁጥር እየሞቀ ይሄዳል።

ይህን ስትሠሪ ሰዓቱ ካልታወቀሽ ለዚህ ሥራ የተፈጠርሽ ነሽ። ከዚያ አማካሪሽን አንድ ነገር ጠይቂ፦ ሙቀቱን መቆጣጠር የሚቻልበት ቀዝቃዛ ክፍል አለ ወይ? ካለ የጫናውን ፍጥነት እየቀያየርሽ ሙሉ ጥናት መሥራት ትችያለሽ። ከሌለ ሙከራውን በትንንሽ ናሙናዎች ወስነሽ ዋናውን ጉልበትሽን በኮምፒውተር ስሌቱ ላይ አውዪ፤ ይህንንም በጽሑፍ ሐሳብሽ ላይ ከመጀመሪያው በግልጽ አስፍሪው።